ምዕራፍ አራት፦ ቅጠል፣ ዱቄት፣ ጠጠር

በአማርኛ ኮኬይን የሚመደበው «አደንዛዥ ዕፅ» በሚለው የወል ስም ሥር ነው። ስያሜው በሕግ ጽሑፍም በዜናም ከተለመደ ቆይቷል፤ ይሁንና ለኮኬይን ሲውል ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ስህተት ነው። ይህ ንጥረ ነገር በደም በኩል አንጎል ሲደርስ እንቅልፍ ይነሳል፣ የልብ ምት ያፈጥናል፣ ረሃብና ድካም ያስረሳል፣ ሰውየውንም ከአቅሙ በላይ የሆነ ድፍረት ያላብሰዋል፤ የሚያደነዝዘው በቀጥታ የነካውን አካል፣ ማለትም ምላስን፣ ድድን፣ የአፍንጫን የውስጥ ሽፋንና የዓይንን ገጽ ብቻ ነው። ሐኪሞች የፈለጉት ማደንዘዙን ሲሆን ነጋዴዎች የሸጡት ማነቃቃቱን ነው፤ የኮኬይን ታሪክም አብዛኛው የሚያጠነጥነው በእነዚህ ሁለት ጠባዮች ዙሪያ ነው። አንድ ሦስተኛ ጉዳይ ግን ከሁለቱም ይበልጣል፤ እሱም ንጥረ ነገሩ በምን መልክና በምን ፍጥነት ወደ ሰውነት እንደገባ፣ እንዲሁም በማን እጅ እንደተገኘ ነው። በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተወሰዱ ናቸው።

የኮካ ቁጥቋጦ የሚበቅለው በደቡብ አሜሪካ፣ ከአንዲስ ተራሮች በስተምሥራቅ ባሉት ሞቃትና እርጥበታማ ተዳፋቶች ላይ ሲሆን፣ በሰሜን ፔሩ ናንቾክ በተባለ ሸለቆ በመኖሪያ ፍርስራሾች ወለል ሥር የተገኘ የታኘከ የኮካ ቅጠልና አብሮት የነበረ የኖራ ቅሪት፣ የአካባቢው ሰዎች ቅጠሉን መቃም የጀመሩት ከዛሬ 8,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ያሳያል። ኖራው እዚያ የተገኘው በአጋጣሚ አይደለም። ቃሚው ቅጠሉን በጉንጩና በድዱ መካከል ወትፎ በምራቁ ካራሰው በኋላ ጥቂት ኖራ ወይም የዕፅዋት አመድ ይጨምርበታል፤ ኖራው የምራቁን አሲድነት ስለሚቀንስ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ኮኬይን በቀላሉ ይለቀቅና በአፍ ቆዳ በኩል ቀስ እያለ ወደ ደም ይሰርጋል። የኬሚስትሪ ትምህርት ይህን ለማብራራት የበቃው ገበሬው ከሠራበት ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ ነው። በአንዲስ መንገደኞች ዘንድ ርቀት የሚለካው በጉንጭ ኮካ ነበር፤ አንድ ጉንጭ ኮካ ኃይሉን እስኪጨርስ የሚያስኬደው መንገድ፣ የእኛ አገር ሰው «የአንድ ቀን መንገድ» እንደሚለው ሁሉ፣ የታወቀ መስፈሪያ ሆኖ አገልግሏል።

በኮካ ቅጠል ውስጥ ያለው ኮኬይን ከክብደቱ አንድ በመቶ አይሞላም። ጫትን ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ጫትም በውስጡ በ1975 ተለይቶ የታወቀ ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር አለው፣ ነገር ግን ቃሚው ወደ ምርቃና የሚደርሰው ሰዓታት ተቀምጦ፣ ቅጠሉን እየመረጠ፣ ገራባውን እየጣለ፣ ጉንጩ እስኪያብጥ አኝኮ ነው። የመንጋጋ ድካምና የሰዓቱ ርዝመት ራሳቸው መጠኑን ይወስናሉ። ይህ ማለት ጫትም ሆነ ኮካ ጉዳት የላቸውም ማለት አይደለም፤ የቃሚ ቤተሰብ ስለ ጫት የሚናገረው ብዙ አለው። ነገር ግን አንድ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊወስድ የሚችለውን መጠን ተክሉ ራሱ ይገድበዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ ይህ ገደብ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደተነሳ የሚያሳይ ነው።

ስፔናውያን በ1530ዎቹ የኢንካን መንግሥት ሲያፈርሱ ኮካን በመሥዋዕት ስፍራ ስላዩት፣ ካህናቶቻቸው የጣዖት አምልኮ መሣሪያ አድርገው ቆጠሩት፤ በ1567 በሊማ የተሰበሰበው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤም አወገዘው። ውግዘቱ ግን ከብር ጋር ሊወዳደር አልቻለም። በ1545 ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በምትገኘው ፖቶሲ የብር ተራራ ከተገኘ በኋላ፣ በተለይም ከ1570ዎቹ ጀምሮ የአገሬው ሰው በዙር እየተመደበ ወደ ማዕድኑ ጉድጓድ እንዲወርድ ሲገደድ፣ አሠሪዎቹ ኮካ የማይቅም ሠራተኛ በዚያ ብርድና በዚያ ስስ አየር ሥራ እንደማይገፋ ተረዱ። ቅጠሉ በላማ እየተጫነ ወደ ፖቶሲ ጎረፈ፣ ግብር ተጣለበት፤ ከኢንካ እናትና ከስፔናዊ አባት የተወለደው ጸሐፊ ጋርሲላሶ ዴ ላ ቬጋ እንደመዘገበው ደግሞ የኩስኮ ጳጳስና የካቴድራሉ ካህናት ከሚያገኙት ገቢ አብዛኛው የኮካ አስራት ነበር። ያው የተወገዘው ቅጠል አስራት ሲወጣለት የተቃወመ ብዙ አልነበረም።

አውሮፓውያን ትንባሆንና ቡናን ሲቀበሉ ኮካን ሦስት መቶ ዓመት ያህል የዘነጉት፣ ቅጠሉ በረጅሙ የባሕር ጉዞ ኃይሉን እያጣ ይደርስ ስለነበር ነው። ኖቫራ የተባለችው የኦስትሪያ መርከብ ዓለምን ዞራ ስትመለስ ካመጣችው ቅጠል ላይ፣ በጀርመን ጎቲንገን ከተማ በፕሮፌሰር ፍሪድሪክ ቮለር ቤተ ሙከራ የሚሠራው ወጣቱ ኬሚስት አልበርት ኒማን በ1860 ገደማ ነጭ ክሪስታል አጥርቶ አወጣና ኮኬይን ብሎ ሰየመው። አልካሎይድ ከሚባሉት፣ ዕፅዋት ከሚያመርቷቸውና በትንሽ መጠን በእንስሳት ሰውነት ላይ ኃይለኛ ለውጥ ከሚያመጡ ንጥረ ነገሮች አንዱ መሆኑን ገለጸ፤ በምላሱ ሲቀምሰው ምላሱ እንደሚደነዝዝም ጻፈ። ኒማን በማግሥቱ ዓመት በሃያዎቹ ዕድሜው ሞተ፤ ምላስ ስለመደንዘዙ የጻፈውንም ከሃያ ዓመት በላይ ለሕክምና የተጠቀመበት አልነበረም።

የተጠቀመበት ካርል ኮለር የተባለ የቪየና ሐኪም ነው። በዚያ ዘመን ኤተርና ክሎሮፎርም ይታወቁ ነበር፤ ነገር ግን ከሰመመን የሚነቃ በሽተኛ ስለሚያስመልሰው ትውከቱ በዓይን ላይ የተሠራውን ስስ ስፌት ይበጥሰው ስለነበር፣ የዓይን ቀዶ ሕክምና የሚካሄደው ብዙ ጊዜ በሽተኛው ነቅቶ፣ ሕመሙን እየቻለ ነበር። ኮለር በ1884 የበጋ ወራት ጥቂት የኮኬይን ዱቄት በውሃ አሟሙቶ በመጀመሪያ በእንቁራሪት፣ ቀጥሎ በጥንቸልና በውሻ ዓይን ላይ ጠብ አደረገ፤ እንቁራሪቷ ብሌኗ በመርፌ ሲነካ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ እሱና ባልደረባው መስታወት ፊት ቆመው በራሳቸው ዓይን ላይ ጠብ አደረጉና በእስፒል ራስ ብሌናቸውን ነኩ፤ አንዳቸውም አልተሰማቸውም። ኮለር ወደ ሃይደልበርግ የዓይን ሐኪሞች ጉባኤ ለመሄድ የባቡር ገንዘብ ስላልነበረው፣ ግኝቱን መስከረም 15 ቀን 1884 ያነበበለት ሌላ ሐኪም ነው። ዛሬ ጥርስ ሲነቀል ድድ ላይ የሚወጋው ማደንዘዣ የዚያ ጠብታ የልጅ ልጅ ነው።

ኮለር ስለ ኮኬይን እንዲያስብ ካደረጉት ሰዎች አንዱ የሆስፒታል ባልደረባው ሲግመንድ ፍሮይድ ነበር። ፍሮይድ በዚያው ዓመት «ስለ ኮካ» የተባለ ጽሑፍ አሳትሞ ኮኬይንን ለድካም፣ ለትካዜና ለሆድ ሕመም እንዲሁም ለሞርፊን ሱስ መድኃኒትነት አሞግሶት ነበር፤ አውራ ጣቱ የተቆረጠበት ሕመም ሞርፊን ላስለመደው ወዳጁ ለኤርንስት ፎን ፍላይሽል-ማርክሶውም ሰጠው። ፍላይሽል ከአንዱ ሱስ ሳይወጣ ሌላ ጨመረ፤ ቆዳው ሥር ነፍሳት የሚርመሰመሱ እየመሰለው ይቧጥጥ ጀመር፣ በ1891ም ሞተ። በአሜሪካ ታላቁ ቀዶ ሐኪም ዊሊያም ሃልስቴድ ኮኬይንን በነርቭ አጠገብ በመውጋት አንድን የሰውነት ክፍል ብቻ ማደንዘዝ እንደሚቻል ሲያሳይ ሙከራውን ያደረገው በራሱና በባልደረቦቹ ላይ ነበር፤ ሱስ ያዘውና ኋላም ወደ ሞርፊን ተሻገረ፣ ይሁንና ከሥራው ሳይባረር የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የመጀመሪያው የቀዶ ሕክምና ኃላፊ ሆኖ በክብር ኖረ። ይህ መጨረሻው ልብ ሊባል ይገባል፤ የኋላ ዘመን የኮኬይን ሱሰኞች እንዲህ ዓይነት ምሕረት አላገኙም።

ነጋዴው ከሐኪሙ አልዘገየም። አንጄሎ ማሪያኒ በፓሪስ ከ1863 ጀምሮ ኮካ የተነከረበት ወይን ይሸጥ ነበር፤ የሮማው ጳጳስ ሊዮ 13ኛም የወርቅ ሜዳሊያ ሸልመውታል። በአሜሪካ አትላንታ፣ በእርስ በርስ ጦርነት ቆስሎ የሞርፊን ሱሰኛ የሆነው መድኃኒት ቀማሚ ጆን ፔምበርተን የማሪያኒን ወይን አስመስሎ ሠራ፤ ከተማዪቱ አልኮል ስትከለክል ደግሞ ወይኑን አውጥቶ ሽሮፕ በመተካት በ1886 ኮካ ኮላን ለገበያ አቀረበ። መጠጡ ከስሙ በቀር ኮኬይኑን የተወው በ1903 ገደማ ነው። ፓርክ-ዴቪስ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ኮኬይንን በሲጋራ፣ በዱቄትና ከመርፌው ጋር በአንድ ማኅደር አሽጎ ይሸጥ ነበር፤ ለጉንፋን፣ ለጥርስ ሕመምና ለአፍንጫ መታፈን የሚሸጡ ስመ ብዙ መድኃኒቶችም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከየሱቁ ይገዙ ነበር። ተጠቃሚው ነጭ፣ የተማረና ገንዘብ ያለው እስከሆነ ድረስ ነገሩ የጤና ጉዳይ ሆኖ ቆየ።

ዋጋው ሲረክስና ዱቄቱ ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ድሃ ሠራተኞች ሲደርስ የአነጋገሩ ቃና ተለወጠ። በኒው ኦርሊንስ ወደብ ጭነት የሚያወርዱ ጥቁር ሠራተኞች ረጅሙን የሥራ ሰዓት ለመቋቋም ኮኬይን ይወስዱ እንደነበር፣ አንዳንድ አሠሪዎችም ራሳቸው ያከፋፍሉ እንደነበር ተጽፏል፤ በፖቶሲ የታየው ነገር በሌላ መልክ ተደገመ ማለት ነው። ጋዜጦች የጻፉት ግን ስለ ሥራው ሰዓት አልነበረም። በየካቲት 1914 በኒው ዮርክ ታይምስ የወጣ የአንድ ሐኪም ጽሑፍ፣ ኮኬይን የወሰደ ጥቁር ሰው ጥይት እንኳ አይጥለውም፣ ስለዚህም የደቡብ ፖሊሶች ከበድ ያለ ጥይት ወደሚተኩስ ሽጉጥ እየተሸጋገሩ ነው ሲል አተተ። ማስረጃ የሌለው ተረት ነበር፤ ሆኖም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የሃሪሰን ሕግ ጸድቆ ኮኬይንና ኦፒየም በመዝገብና በሐኪም ትእዛዝ ብቻ እንዲሸጡ ሲደረግ፣ ለሕጉ የተሟገቱት ሰዎች ይህን መሰሉን ወሬ መጠቀማቸው አልቀረም።

ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ኮኬይን ከብዙሃኑ ዓይን ራቀ። በ1961 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባላት የተፈራረሙት ስምምነት ዱቄቱን ብቻ ሳይሆን ቅጠሉንም በጥብቅ ቁጥጥር ሥር አዋለ፤ ኮካ መቃምም በ25 ዓመት ውስጥ እንዲጠፋ ወሰነ። ቦሊቪያ ይህን ውሳኔ አልዋጥ ብሏት፣ ራሱ የኮካ ገበሬዎች ማኅበር መሪ በነበረው በፕሬዚዳንት ኤቮ ሞራሌስ ዘመን ከስምምነቱ ወጥታ በ2013 የመቃም መብቷን አስጠብቃ ተመልሳለች።

ዱቄቱ በ1970ዎቹ ሲመለስ የሀብታም መዝናኛ ሆኖ ነበር፤ ትርፉን የሰበሰበችው ደግሞ ኮሎምቢያ ናት። ከብዙ መቶ ኪሎ ቅጠል በቤንዚንና በአሲድ ታጥቦ የሚወጣው አንድ ኪሎ ዱቄት በጫካው ውስጥ ያለው ዋጋ፣ ማያሚ ሲደርስ ከሚያወጣው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነበር፤ በመካከሉ ያለው ትርፍ ለዕፅ ነጋዴው ለፓብሎ ኤስኮባርና ለሜደሊን ባልንጀሮቹ የግል ጦር፣ አውሮፕላንና የፓርላማ ወንበር ሳይቀር ገዛላቸው። መንግሥት ወንጀለኞችን ወደ አሜሪካ አሳልፎ እሰጣለሁ ባለ ጊዜ የተከፈለው ዋጋ ከባድ ነው፦ የፍትሕ ሚኒስትሩ ሮድሪጎ ላራ ቦኒያ በ1984፣ የኤል ኤስፔክታዶር ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ጊየርሞ ካኖ በ1986፣ ለፕሬዚዳንትነት ይመረጣል የተባለው ሉዊስ ካርሎስ ጋላን በ1989 ተገደሉ፤ በዚያው 1989 ኅዳር አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን በአየር ላይ በቦምብ ወድቆ የነበሩበት 107 ሰዎች በሙሉ አለቁ። በሜደሊን ከተማ በ1991 ብቻ ከ6,000 በላይ ሰው ተገድሏል። ኤስኮባር በ1993 ጣሪያ ላይ ተተኩሶበት ሞተ፤ የኮኬይኑ ንግድ ግን አንድም ዓመት አልተቋረጠም።

በ1980ዎቹ አጋማሽ የዱቄቱ አቅርቦት ሲበዛና ዋጋው ሲወርድ ክራክ መጣ። ክራክ ያው ኮኬይን ነው፤ ልዩነቱ ዱቄቱ በሙቀት ስለሚበላሽ የማይጨስ ሲሆን፣ ክራክ ግን ተቀይሮ ጠጠር የሆነና በትንሽ ሙቀት የሚተን መሆኑ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ሲጨስ ከሚያሰማው የመንጣጣት ድምፅ ነው። ይህ ትንሽ ለውጥ ምን እንዳስከተለ ለመረዳት የአንጎልን አሠራር በጥቂቱ ማየት ያስፈልጋል። ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር ከአንድ የነርቭ ሕዋስ ወደ ሌላው «ይህ መልካም ነው፣ ድገመው» የሚል መልእክት ያደርሳል፤ ካደረሰ በኋላ የላከው ሕዋስ መልሶ ይሰበስበዋል። ኮኬይን የመሰብሰቢያውን በር ስለሚዘጋው መልእክቱ ሳያቋርጥ ይጮኻል። በአፍንጫ የተሳበ ዱቄት ይህን የሚያደርገው በደቂቃዎች ውስጥ ሲሆን፣ የተጨሰ ጠጠር ግን በሳንባ በኩል በሴኮንዶች ይደርሳል፣ በደቂቃዎችም ይበርዳል፤ ሲበርድ የሚተወው ባዶነትና ጭንቀት ወዲያው ሌላ ጠጠር ያስመኛል። ከዚህም በላይ አንዲት ጠጠር በ5 ወይም በ10 ዶላር ትሸጥ ስለነበር፣ ገንዘብ የሌለው ሰው ዱቄቱን ባይደርስበትም ጠጠሩን ይደርስበታል።

ሌን ባያስ የተባለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች በቦስተን ሴልቲክስ በተመረጠ በሁለተኛው ቀን፣ ሰኔ 19 ቀን 1986 ኮኬይን ልቡን አቁሞት ሞተ። የወሰደው ዱቄት ነበር፤ ወሬው ግን ክራክ ነው ብሎ ተናፈሰ፣ ኮንግረሱም ምርጫ ስለደረሰበት በጥቂት ወራት ውስጥ አዲስ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት 500 ግራም ዱቄት ይዞ ሲያከፋፍል የተገኘ ሰው የሚጠብቀው ቢያንስ የአምስት ዓመት እስር፣ ክራክ ለያዘ ሰው በ5 ግራም ይጀምራል። አንዱ ግማሽ ኪሎ ነው፤ ሌላው አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህላል። ዳኛው ጥፋተኛው ወጣት ነው፣ የመጀመሪያው ነው ብሎ መቀነስ በአብዛኛው አይችልም ነበር። በጥናት ሲታይ ከክራክ ተጠቃሚዎች የሚበዙት ነጮች ሆነው ሳለ፣ በ1990ዎቹ በፌዴራል ፍርድ ቤት በክራክ ከተፈረደባቸው አሥር ሰዎች ከስምንት በላይ የሚሆኑት ጥቁሮች ነበሩ። የዋሽንግተን ከንቲባ ማሪዮን ባሪ በጥር 1990 በሆቴል ክፍል ክራክ ሲያጨስ በፖሊስ ካሜራ ተቀርጾ የተፈረደበት ስድስት ወር ነው፤ በ1994ም ሕዝቡ መልሶ መርጦታል። ልዩነቱ በ2010 ወደ 18 ለ1 ዝቅ ተደረገ፤ በ2021 የተወካዮች ምክር ቤት ጨርሶ እንዲጠፋ በ361 ለ66 ድምፅ ቢወስንም፣ ሴኔቱ ሳያጸድቀው ቀርቷል።

በዚያ ዘመን ከተነዛው ፍርሃት ሁሉ በሕፃናት ስም የተነዛው ምናልባት ከሁሉ የከፋ ጠባሳ ትቷል። በ1985 በ23 እናቶች ላይ የተደረገ አነስተኛ ጥናት መነሻ ሆኖ፣ ክራክ ከሚወስዱ እናቶች የሚወለዱ ልጆች አንጎላቸው የተጎዳ፣ መማርም ማፍቀርም የማይችሉ ትውልድ ይሆናሉ ተባለ፤ እናቶች ተከሰሱ፣ ሕፃናት ተነጠቁ። በፊላደልፊያ ሐኪሟ ሃላም ኸርት ከ1989 እስከ 1992 የተወለዱ 224 የድሃ ቤተሰብ ሕፃናትን ግማሾቹን ኮኬይን በማኅፀን ከደረሰባቸው፣ ግማሾቹን ካልደረሰባቸው መርጣ እስከ ወጣትነታቸው ስትከታተል፣ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል የማሰብ ችሎታ ልዩነት አላገኘችም። ሁለቱም ወገኖች ከአገሪቱ አማካይ በታች ነበሩ፤ የጎዳቸው ድህነቱ ነው።

ክራክ በዋሽንግተን በነገሠበት ጊዜ ከ1974ቱ አብዮታችን በኋላ የተሰደዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን እዚያ ሌሊት ታክሲ ይነዱ፣ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቁ ነበር። 600,000 ያህል ሕዝብ በሚኖርባት በዚያች ከተማ በ1991 የተገደለው ሰው 482 ነው። ዩ ስትሪትና አካባቢው፣ በ1968ቱ ሁከት በተነሳው ቃጠሎ፣ በምድር ባቡሩ ቁፋሮ፣ በኋላም በክራኩ ገበያ የተራቆተ ሰፈር ስለነበር ኪራዩ ርካሽ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ባዶዎቹን ሱቆች ተከራይተው እንጀራ ማቅረብ ከጀመሩት መካከል ሐበሾች ጎልተው ይታያሉ። ዛሬ ኪራዩ የናረባቸው ያንኑ ሰፈር እየለቀቁ ነው።

ንግዱ አሁን ከምንጊዜውም በላይ ሰፍቷል። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና ወንጀል ጽሕፈት ቤት እንደገመተው በ2023 የተመረተው ኮኬይን 3,708 ቶን፣ ተጠቃሚው 25 ሚሊዮን ሰው ነው። ወደ አውሮፓ የሚሄደው ጭነት በከፊል በምዕራብ አፍሪካ ስለሚያልፍ ጊኒ ቢሳውን የመሰሉ ድሃ አገሮች ጄኔራሎቻቸው ሳይቀሩ በንግዱ ተነክረዋል፤ የቀድሞው የአገሪቱ ባሕር ኃይል አዛዥ በ2013 በአሜሪካ ወኪሎች የተያዘው በዚሁ ክስ ነው። አዲስ አበባም የመንገድ መጋጠሚያ በመሆኗ ከሳኦ ፓውሎ ተነስተው ወደ እስያና ወደ ሌሎች የአፍሪካ ከተሞች የሚሄዱ ተሸካሚዎች በቦሌ ይያዛሉ። አንዳንዶቹ ዱቄቱን በሻንጣ ግድግዳ ይሰፉታል፤ ሌሎቹ አውራ ጣት በሚያህሉ ጥቅሎች ጠቅልለው በደርዘን የሚቆጠር ይውጣሉ፣ አንዱ ጥቅል በሆድ ውስጥ ቢፈነዳ ሞት በደቂቃዎች ይመጣል። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 የሚጠየቁት አብዛኛውን ጊዜ እነዚሁ ዋጮች ናቸው፤ ላኪውና ተቀባዩ በሌላ አገር ናቸው።